ቶስካና ገጠር ለእረፍት ለምትሄዱ

ጣሊያን ቶስካና ገጠር ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ። መኪና ተከራዩ፤ አውቶቡስ ስትጠብቁ ቀኑ ያልቅባችኋል። ግን የጥንታዊዎቹ ከተሞች መሃል ድረስ እንዳትነዱ! መግቢያው ላይ «ዜድ ቲ ኤል» (ZTL፣ መኪና መግባት የተገደበበት ቀጠና ማለት ነው) የሚል ምልክት ካያችሁ አትግቡ፣ ካሜራው ታርጋውን ያነሳና ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ከግንቡ ውጪ አቁማችሁ በእግር ግቡ።

ሳን ጂሚኛኖን ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ እዩት፤ ቀን ላይ ሰው ከሰው ይጋፋል፣ 14ቱን የድንጋይ ማማዎች ቀና ብሎ ማየትም አይመችም። ፒየንሳ ስትደርሱ ፔኮሪኖ የሚባለውን የበግ አይብ ቅመሱ (የኛን አይብ እንዳትጠብቁ፣ ይሄኛው ደረቅና ጨው ያለው ነው)።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሳቱርኒያ ነው። ፍልውሃው ሜዳ ላይ በደረጃ በደረጃ እየፈሰሰ ነጫጭ ገንዳዎች ሠርቷል፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ፏፏቴው ጋ መታጠብ ደግሞ በነጻ። የድኝ ሽታ አለው፣ ትለምዱታላችሁ። የብር ሐብልና ቀለበት አውልቁ፣ ያጠቁረዋል። ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ የውሃ ጫማ ያዙ። ምሳችሁን ደግሞ ቀደም አድርጉት፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የገጠር ምግብ ቤት ክፍት ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ።