ከተጣለ ቴፕና ከአሮጌ መሳቢያ ድምፅ ማጉያ መሥራት

የካሴት ዘመን ካለፈ ወዲህ በየቤቱ አቧራ የለበሱ ቴፖች ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹም በመጨረሻ ለቆራሌው ይሰጣሉ። በእነዚህ ቴፖች ላይ ቀድሞ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ካሴቱን የሚያዞረው ክፍል ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው ስፒከር ግን ሳይነካ ይቀራል። ጤነኛ ስፒከር ከነሕይወቱ ሲጣል ማየት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በደንብ የተሠራ ሳጥን ቢያገኝ፣ ቀድሞ ከነበረበት ስስ የፕላስቲክ ቅርፊት ይልቅ የጠራና የወፈረ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል።

ቤት ውስጥ አሮጌ ቴፕ ያላገኘ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ ያገለገለ ዕቃ ተጠግኖና ተለውጦ እንደገና የሚሸጥበትን የመርካቶውን ምናለሽ ተራ ቢያስስ መልካም ነው። ስፋታቸው 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ከአንድ ቴፕ የወጡ ሁለት ተመሳሳይ ስፒከሮችን ይምረጡ። ሾጣጣውን ወረቀት በጣቶች ጫፍ ዙሪያውን እኩል በመጫን በቀስታ ወደ ውስጥ ይግፉት፤ የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ያለው የመዳብ ጥቅል ከማግኔቱ ጋር እየተነካካ ስለሆነ ይተዉት። በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ ባለ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መለኪያ) ስፒከር ከ6 እስከ 7፣ ባለ 4 ኦም ደግሞ ከ3 እስከ 4 ገደማ ያሳያል። ምንም የማያሳይ ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው። ወረቀቱ ትንሽ ቢቀደድ ግን አይጣልም፤ ስስ ወረቀት በውኃ በቀጠነ የእንጨት ኮላ ተለጥፎበት ይጠገናል። ከአሮጌ ባለ ትልቅ ቱቦ ቴሌቪዥን ስፒከር ለማውጣት የሚያስብ ሰው ሥራውን ለባለሙያ ይተው፤ ቱቦው ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

የድምፁ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው በሳጥኑ ነው። ወረቀቱ ወደ ፊት ሲገፋ የፊቱ አየር ይታመቃል፤ በዚያው ቅጽበት የኋላው አየር ይሳሳል። ስፒከሩ ያለ ሳጥን ከተቀመጠ ሁለቱ በጠርዙ ዙሪያ ይገናኙና አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ በተለይም ወፍራሙ ድምፅ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ የሳጥኑ ዋና ተግባር የኋላውን አየር ከፊተኛው መለየት ነው። የቀለም ቆርቆሮና ጀሪካን ለዚህ ሲውሉ ይታያል፤ ግድግዳቸው ስስ በመሆኑ ግን ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ የራሳቸውን ድምፅ ይጨምራሉ። ከተሰበረ ቁም ሳጥን ወይም ጠረጴዛ የወጣ፣ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጣውላ ወይም ቺፑድ እጅግ ይሻላል። አሮጌ መሳቢያ ከተገኘ ደግሞ አራት ጎኖቹ ቀድሞውኑ የተገጣጠሙ ስለሆኑ፣ መጠኑ ተስማሚ ከሆነ ከፊትና ከኋላ ጣውላ መጨመር ብቻ ይበቃል።

ለዚህ ዓይነት ስፒከር ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ ውስጥ ተስማሚ ነው። የውስጡ ቁመት 25፣ ወርዱ 20፣ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ልክ 5 ሊትር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ሳጥን ይሠራለት። የስፒከሩ ቀዳዳ በፊተኛው ጣውላ ላይ በመጋዝ ሲቆረጥ ስፒከሩን ራቅ አድርጎ በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል፤ የብረት ብናኝ በማግኔቱ ከተሳበ ወደ ውስጠኛው ጠባብ ክፍተት ገብቶ ሊያበላሸው ይችላልና። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ከውስጥ በኮላ ወይም በሲሊኮን ይደፈኑ። ከአሮጌ የመኪና ካመናዳሪ ተቆርጦ የወጣ የጎማ ቀለበት በስፒከሩና በጣውላው መካከል ሲገባ አየር አያሳልፍም፤ ከፋብሪካ ከሚመጣው ማሸጊያ አይተናነስም። የሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ከአሮጌ ትራስ በወጣ ጥጥ ሳይታጨቅ ላላ ተደርጎ ይሞላ፤ ጥጡ በውስጥ የሚመላለሰውን ድምፅ ይውጣል።

ከመዝጋትዎ በፊት የሽቦዎቹን አቅጣጫ ይለዩ። የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ብቻ ሲነካካ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው፤ ምልክት ያድርጉበት። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከተገናኘ፣ አንደኛው ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል።

ለማጉያው ፓም 8403 የሚባለው ትንሽ ቦርድ ይበቃል። በ5 ቮልት ስለሚሠራ የስልክ ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ያንቀሳቅሰዋል፤ ለእያንዳንዱ ባለ 4 ኦም ስፒከር እስከ 3 ዋት ይሰጣል። ሽቦዎቹ በሊድ ይበየዱ። የሁለቱን ስፒከሮች ኔጌቲቭ ሽቦዎች እርስ በርስም ሆነ ከኃይል ምንጩ ኔጌቲቭ ጋር ፈጽሞ አያገናኙ፤ ይህ ቦርድ በስፒከሩ ሁለቱም ጫፎች በኩል ኃይል ስለሚልክ ቺፑ ሊቃጠል ይችላል። ከቻርጀሩ የሚመጣ ጉምጉምታ ካለ፣ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 10 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቅጣጫው ተጠብቆ በኃይል መግቢያው ላይ ቢጨመር ሊቀንሰው ይችላል።

በመጨረሻ ክራር ወይም በገና የሚሰማበትን ዜማ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጫውቱና እርጥብ ጣት በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያንሸራትቱ፤ ነፋስ የሚሰማበት ቦታ ካለ እንደገና ይደፈን። ድምፁ ከፍ ሲል መሰንጠቅ ከጀመረ የማጉያው አቅም እዚያ ላይ ስላበቃ፣ ከዚያ ነጥብ ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ የስፒከሩን ዕድሜ ያረዝማል።