የቆሮሶን ክሮሞዞም ለመቁጠር ካሰባችሁ

ሰበታ አካባቢ ዓሣ የሚያረባ ጓደኛዬ ሰሞኑን ደወለና «ኩሬዬ ውስጥ ያለው የአባይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይሁን የሞዛምቢክ ቆሮሶ፣ ክሮሞዞሙን (በሕዋሱ ውስጥ ዘር የሚሸከመውን ክር) ቆጥረህ ንገረኝ» አለኝ። በቆጠራ አይለይም! ግን አቆጣጠሩን ላሳያችሁ።

ከገበያ የገዛችሁት አይሆንም። በረዶ ላይ ያደረ ዓሣ ለጥብስ ነው። ክሮሞዞም ጠርቶ የሚታየው ሕዋሱ እየተከፋፈለ ሳለ ነው፣ ስለዚህ ጣት የምታክል፣ በሕይወት ያለች የዓሣ ጫጩት ያስፈልጋል። ኮልቺሲን የሚባል ንጥረ ነገር ትወጓታላችሁ፤ እሱ ክፍፍሉን መሃል ላይ ያስቆመዋል። መርዝ ነው፣ ሰውም ይገድላል። ያለ ጓንት አትንኩት፣ ቤት ውስጥማ ጭራሽ አትሞክሩት፤ ላብራቶሪ ያለው ሰው ፈልጉ።

ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቃችሁ ዓሣውን ሳታሠቃዩ ግደሉና የፊተኛውን ኩላሊት አውጡ። ሕዋሶቹን በቀጭን የፖታሲየም ክሎራይድ ውሃ (0.075 ሞላር) ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩ፣ ያብጣሉ። ቀጥሎ ሕዋሶቹ እንዳሉ እንዲቆዩ ሦስት እጅ ሜታኖል በአንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ቀላቅላችሁ ጨምሩባቸው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ፈሳሹን ደጋግማችሁ ለውጡ፤ እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሰነፍኩና ያየሁት ጭቃ ብቻ ነበር። ከዚያ ንጹሕ ስላይድ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ማንጠባጠብ፣ ማድረቅ፣ ጊምሳ በሚባል ቀለም ማቅለም።

በማይክሮስኮፑ 100 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ ከዘይት ጋር ተመልከቱ። አንድ ሕዋስ ቆጥራችሁ አትመኑ፣ ሃያ ሠላሳ ቁጠሩ። በብዛት የሚመጣው 44 ነው፣ አንዱ ጥንድ ደግሞ ከሌሎቹ በጣም ስለሚተልቅ ወዲያው ትለዩታላችሁ። አምባዛ ቢሆን 56 ነበር።

ችግሩ የሞዛምቢኩም 44 መሆኑ ነው። ቁጥሩ አይለያቸውም፣ ይባስ ብሎ ሁለቱ ይዳቀላሉ። ስለዚህ መነሻውን ጠይቁ። የአባዩ ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ ያለው የኛው ነው። የሞዛምቢኩ ግን የባሕር ዳርቻ ሰው ነው፤ የትውልድ አገሩ ከታችኛው የዛምቤዚ ወንዝ ተነሥቶ ዳርቻውን ይዞ እስከ ደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ይወርዳል፣ ጨዋማ ውሃም ይችላል። ጃቫ ደሴት ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተገኝቷል፤ ሰው ነው የወሰደው እንጂ ዋኝቶ አልደረሰም! ካርታ ስታዩ ይህን ለዩ።

ለጓደኛዬ ያልኩት፦ ጫጩቱን ከየት እንዳመጣህ የሸጠህን ሰው ጠይቅ።