ከ85 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያንን ለዓመታት ተከታትሎ ለማጥናት፦ የቤት ለቤት ጉብኝት አሠራር

በየካ አባዶ፣ በአቃቂ ወይም በሰበታ መንደር አንድን አረጋዊ ዛሬ ለክቶ መምጣት አይከብድም። የሚከብደው ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ለክቶ ያመጣውን ቁጥር ከዛሬው ጋር ማነጻጸር እንዲቻል ማድረግ ነው። በስዊድን ጎተንበርግ በ1971 እ.ኤ.አ. በ70 ዓመት ሰዎች የተጀመረው ጥናት፣ በእንግሊዝ ኒውካስል ደግሞ በ1921 እ.ኤ.አ. የተወለዱትን 85 ዓመት ሲሞላቸው መከታተል የጀመረው ጥናት የተነሡት ከተረጋገጠ የልደት ዓመት ነው። እኛ ጋ ግን ሥራው የሚጀምረው ዕድሜውን ከማጣራት ነው።

«ስንት ዓመትዎ ነው?» ብቻ ከተባለ መልሱ ብዙ ጊዜ 80፣ 90 ወይም 100 ይሆናል። የቀበሌ መታወቂያም ቢሆን ያው በግምት የተነገረው ዓመት የተጻፈበት ሊሆን ይችላል። በ2018 ዓ.ም. 85 የሞላው ሰው የተወለደው በ1933 ገደማ ስለሆነ በዚያ ዙሪያ ጠይቁ፦ «እማማ፣ ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ተወልደው ነበር ይባል ነበር? በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ጊዜ ስንት ልጅ ነበርዎት? በ1966ቱ አብዮትስ የመጀመሪያ ልጅዎ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር?» የመጀመሪያ ልጃቸው 70 ዓመት ሆኖ እናት 80 ከተባሉ ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ነው፤ በ10 ዓመት አልወለዱም። ሁለት ግምት ከመጣ ሁለቱንም ከነምክንያቱ መዝግቡ እንጂ አማካዩን አትውሰዱ።

ጉብኝቱ ጠዋት ይሁን። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለማስታወስ ፈተናው የሚነበቡት ቃላት አይሰሙም፤ ያልተሰማው ቃል ደግሞ እንደ መርሳት ይቆጠራል። ስለዚህ መስማታቸውን አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ሆናችሁ ተቀመጡ።

ለደም ግፊት ከቡና በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ። የክንዱን ዙሪያ በሜትር ለኩ። መካከለኛው መጠቅለያ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው፤ በከሳ ክንድ ላይ ሲታሰር ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ጋቢውንና ሹራቡን አስወልቁ፤ እጅጌን ወደ ላይ ጠቅልሎ መለካት ክንዱን ያንቃል። 5 ደቂቃ ጋደም ካሉ በኋላ ለኩ፣ ከዚያ አስቁማችሁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሲነሡ ለመውደቅ የተጋለጡ ናቸው። ሲቆሙ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም። ወለሉ አፈር ከሆነ ሚዛኑን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አስቀምጡ። ጀርባቸው ለጎበጠ ቁመቱን ከተረከዝ እስከ ጉልበት ባለው ርዝመት ገምቱ።

የማስታወስ ፈተናው ላይ ተጠንቀቁ። እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሰው ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጽ ቅዳ ሲባል የሚፈተነው እጁ እንጂ አእምሮው አይደለም። ያልተማሩ ሰዎች እንዲመልሱት ተደርጎ የተዘጋጀ መጠይቅ ምረጡ። ቀኑን ሲጠየቁ «ዛሬ ሚካኤል ነው» ካሉና ቀኑ ከወሩ 12ኛው ከሆነ መልሱ ትክክል ነው። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ጠይቁ። አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻቸው ከሆነ የሠለጠነ ጠያቂ ይምጣ፤ ልጅ ያስተረጎመው እንደሆነ ልጁ እያገዘ ይመልሳል። ልጁን ለብቻው፣ በሌላ ክፍል፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን እንደተለወጠ ጠይቁት። የሐዘንና የተስፋ መቁረጥ ጥያቄዎችም ቤተሰቡ በሌለበት ይሁኑ። ከአንድ ሰዓት በላይ አታድክሟቸው፤ የቀረውን በሌላ ቀን ጨርሱ።

ፈቃዱን የሚሰጡት አረጋዊው ራሳቸው ናቸው። መፈረም ካልቻሉ በምስክር ፊት በጣት አሻራ ይሁን።

በከተማው ዳር ሰው ከመንደሩ ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም ይገባል፣ ስልክም ይቀየራል። የሦስት ዘመድ ስልክና የዕድራቸውን ስም ያዙ። ሞት ሲያጋጥም የሞቱን ምክንያት ለመጠየቅ አርባው እስኪወጣ ጠብቁ። በሁለተኛው ዙር ያልተገኘውን ሁሉ «አልተገኘም» ብላችሁ አትዝጉ፤ የሞተ፣ የተዛወረ፣ እምቢ ያለ፣ መልስ መስጠት እስኪያቅተው የታመመ እያላችሁ በየራሱ ኮድ መዝግቡ። በጣም የታመሙት በዚያ ስም ተጠቃልለው ከጠፉ የቀሩት ጤነኞች ብቻ ይሆናሉ፣ መንደሩም ከእውነቱ የተሻለ ጤና ያለው ይመስላል።