ለሆድ ድርቀት ፕሮባዮቲክ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይወሰዳል?

ሐዋሳ ውስጥ ፋርማሲ ገብቶ «ሆዴ ደርቋል» ማለት ብዙ ሰው ያሳፍረዋል። አይፈሩ፤ ፋርማሲስቱ በየቀኑ የሚሰማው ነገር ነው። ፕሮባዮቲክ (ለሆድ ይጠቅማሉ ተብለው የሚወሰዱ ሕያው ባክቴሪያዎች) ውድ ስለሆነ ግን ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን ይዩ።

መጀመሪያ ምክንያቱን ይፈልጉ። በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች መጸዳዳት ወይም ደረቅ ሰገራ እያማጡ ማስወጣት ድርቀት ነው። የአይረን ክኒንና አንዳንድ ጠንካራ የህመም ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ። ሰገራ ላይ ደም ካዩ፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ወይም ሆድዎ ተነፍቶ ካስመለሰዎት ቀጥታ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ቀጥሎ ማዕድዎን ያስተካክሉ። አቮካዶና ፓፓያ እዚሁ ሞልቷል። ተልባም ጥሩ ነው፤ ብዙ ውሃ ካልጠጡበት ግን ድርቀቱን ያባብሰዋል። «እንጀራና ቆጮ ቦክተው የለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ምጣድ ላይ ሲወጡ ግን ባክቴሪያዎቹ በሙቀቱ ይሞታሉ። እርጎ ሕያው ባክቴሪያ አለው። ወተቱ መጀመሪያ ተፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በእርሾ ቢረጋ ይመረጣል፤ ካልተፈላ ወተት በሽታ ይተላለፋልና። ነፍሰ ጡሮች በተለይ ይጠንቀቁ።

ይህ ሁሉ ካልረዳዎት ወደ ፋርማሲው ይሂዱ። እሽጉን አገላብጠው ያንብቡ። «ፕሮባዮቲክ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ የባክቴሪያው ሙሉ ስም ሊጻፍ ይገባል። ለድርቀት በብዛት የተጠናው ቢፊዶባክቴሪየም ላክቲስ ነው። አንዳንድ ጥናቶች ላይ ረድቷል፣ ሌሎች ላይ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ሙከራ መሆኑን አውቀው ይግዙ። በቢሊዮን የተጻፈው የባክቴሪያዎቹ ቁጥር ስለበዛ ብቻ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ይልቅ ቁጥሩ እስከ ማብቂያ ቀኑ የሚያገለግል መሆኑን ይመልከቱ። ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ የቆየ ከሆነ ይተዉት። ቤትም ሲያስቀምጡ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ሙቀት ይጠብቁ፤ የሐዋሳ የቀን ሙቀት ቀላል አይደለም።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱት። በሚያቃጥል ሻይ አይዋጡት። አንቲባዮቲክ ላይ ከሆኑ ቢያንስ 2 ሰዓት ያራርቁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ሊነፋ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፈጽሞ አይጀምር።

4 ሳምንት ይስጡት፤ በመሃል ሌላ ነገር አይደርቡበት፣ የትኛው እንደረዳዎት አይለዩም። ለውጥ ከሌለ ያቁሙት። ሌላ ዓይነት ፕሮባዮቲክ ፍለጋ ከመሄድ ስለ ላክቱሎስ (ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት) ሐኪምዎን ቢጠይቁ ይሻላል፤ ለድርቀት ከፕሮባዮቲክ ይልቅ አስተማማኝ ነው።