የጎልፍ ረጅም አይረን (ባለ ብረት ራስ ዱላ) ለሚያስቸግራችሁ፦ አሸዋ ላይ መስመር አስምሩ

3 እና 4 ቁጥር አይረን አንዴ ጥሩ ይሄዳል፣ አንዴ መሬት ይቆፍራል? ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ኳሱን ቤት ትታችሁ ከተማዋን አቋርጦ ወደሚያልፈው ደረቅ የደቻቱ ወንዝ ውረዱ። ጠጠር የሌለበት አሸዋ ላይ፣ ኳሷ የምትቀመጥበት ቦታ፣ ለዒላማው አግድም መስመር በጣት አስምሩ። ከዚያ ዱላውን አሥር ጊዜ ወዝውዙ። በየመሃሉ ጎንበስ ብላችሁ ዱካውን እዩ። አሸዋው ከመስመሩ ኋላ ከተጫረ፣ ክብደታችሁ ኋለኛው እግር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የዱላው ፊት 20 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሚያዘነብል ሳናውቀው ኳሷን በእጃችን ልናነሳት እንሞክራለን። ማንሳቱን ለዱላው ተዉለት። ክብደታችሁን ወደ ፊተኛው እግር አሳልፉ፤ ዱካው መስመሩ ላይ ይጀምራል።

ክረምት ላይ ግን በፍጹም! ድሬ ፀሐይ ሆኖም ደጋው ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ነው የሚደርሰው። የ1998ቱን አንረሳውም።