እናቴ በጨርቅ የወለወለችው ፊርማ፦ ባንድ ስናስፈርም የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ አንድ የሮክ ባንድ ሊጫወት መጣ። ፖስተር ከሚለጥፉት ልጆች አንዱን ለምኜ አንድ ፖስተር አገኘሁ። ወንድሜ አስተማሪ ስለሆነ ከቦርሳው ጥቁር ፓርከር አነሳሁ። ከሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት ከሚደረገው የድምፅ ሙከራ) በኋላ ጊታሪስቱን በር ላይ አገኘሁትና አስፈረምኩት። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ እናቴ ቤቱን አጽድታዋለች። ፖስተሩንም በእርጥብ ጨርቅ ወልውላዋለች። ፖስተሩ ያብለጨልጫል፣ ፊርማው ግን የለም።

«ልጆች የሞነጫጨሩበት መስሎኝ እኮ ነው» አለችኝ።

ለካ የነጭ ሰሌዳ ፓርከር ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ከደሴም ከኮምቦልቻም ከወልዲያም ፊርማ አሳድጃለሁ። የራሴንም የሌላውንም ስህተት አይቻለሁ። እነሆ።

ያገኙትን ብዕር ይዞ መሄድ

ከዚሁ ልጀምር፣ ያቃጠለኝ እሱ ነውና። የነጭ ሰሌዳ ፓርከር የተሠራው እንዲጠፋ ነው። በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ጣት ብቻ ይበቃዋል። የሚያስፈልገው የማይለቀው ዓይነት ማርከር ነው። ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ ሁለቱ መልካቸው አንድ ነው። እስክሪብቶም ለፎቶና ለፖስተር አይሆንም። ይንሸራተታል፣ ይቧጭራል፣ ቀለም አይሰጥም። ለተራ ደብተር ወረቀት ግን ከማርከር ይሻላል፤ ማርከር ወደ ጀርባው ያልፋል።

የአልበሙ ሽፋን ጥቁር ከሆነ ጥቁር ማርከር ምን ይሠራል? የብርማ ወይም የወርቅማ ቀለም ማርከር ያዙ። ይህኛው ደግሞ ጸባይ አለው። መጀመሪያ ክዳኑን ሳትከፍቱ በደንብ መናጥ አለበት። ከዚያ ጫፉን ቁራጭ ወረቀት ላይ እየተጫኑ ቀለሙ እስኪወርድ መጠበቅ ነው። ይህን ቤታችሁ ጨርሳችሁ ሂዱ። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ልጅ ዘፋኙ ፊት ቆሞ ማርከር ሲንጥ አየሁ። ዘፋኙ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ መኪናው ተነሳ። ልጁ አሁንም ይንጣል።

ሌላው ነገር ማድረቅ ነው። የተፈረመውን ቶሎ አትጠቅልሉ፣ ሌላ ነገርም አትደርቡበት። ክረምት ላይ በደሴ ጉም ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ይረጥባል። ጠንካራ ክላሰርና ፌስታል ይዛችሁ ውጡ። ማርከሩንም ሁለት አድርጉት፤ አንዱ ሁልጊዜ ከሰው እጅ አይመለስም።

የማይሆን ነገር ላይ ማስፈረም

አዲስ ሲዲ ወይም ሸክላ ከነፕላስቲኩ የሚያስፈርም ሰው አለ። ፕላስቲኩ የተቀደደ ዕለት ፊርማውም አብሮ ይሄዳል። ቀድማችሁ አውልቁት። የመግቢያ ትኬትም ተጠንቀቁ። አንዳንዱ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው፤ ሕትመቱ በጥቂት ዓመት ይደበዝዛል፣ ኃይለኛ ሙቀት ካገኘው ደግሞ ይጠቁራል። ፊርማው ቢተርፍ እንኳ ባዶ ወረቀት ላይ ነው የሚተርፈው። የብር ኖት ላይ የሚያስፈርሙም አሉ። እባካችሁ፣ ገንዘብ የሚጻፍበት ነገር አይደለም። ሲቸግራችሁም ታጠፉታላችሁ።

ቲሸርት ከሆነ ውስጡ ካርቶን አስገቡበት፤ ጨርቁ ሲሳብ ፊርማው ትል ይመስላል።

አንድ ጓደኛዬ ክራሩን አመጣ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ያስፈረመው ቆዳው ላይ ነው። ቀለሙ ቆዳው ውስጥ ተስፋፋ፣ የቀረውን ደግሞ ሲጫወት እጁ አሸው። እንጨቱ ላይ ቢሆን ይቆይ ነበር። የጊታር ሰዎችም ከሰውነቱ ይልቅ ከክሮቹ ሥር ባለችው ተነቃይ የፕላስቲክ ሳህን ላይ የሚያስፈርሙት ያለ ነገር አይደለም። ፈትተው ክፈፍ ውስጥ ያስቀምጧታል፣ ጊታሩን ይጫወቱበታል።

ሰዓቱን አለማወቅ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባንዱ በመኪና ከመጣ ጣርማበርን ወጥቶ፣ ሸዋሮቢት ሙቀት ውስጥ ወርዶ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ነው። ከመኪና ሲወርድ የሚያስበው አልጋ ነው። ያኔ አትጠይቁ።

ዝግጅቱ ሲያልቅም ሁሉም ሰው በር ላይ ነው። ከልምዴ የሚሻለው ከሳውንድ ቼክ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሥራቸው አልቋል፣ ሕዝቡ ገና አልመጣም። ሆቴል ከሆነ እንግዳ መቀበያው ጋ ጠብቁ። የመኝታ ክፍል በር ማንኳኳት ነውር ነው፣ በቃ።

ምግብ ላይም አትሂዱ። ሰው በልቶ እስኪጨርስ ማን ይሞታል? እኛ ወሎዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለብን። «እንብላ» ሲሉን የምር ይመስለንና እንቀመጣለን። አንድ ዘመዴ ፊርማ ፍለጋ ሄዶ ጥብስ በልቶ ተመለሰ። ፊርማውን ረሳው።

እጅን ጋቢ ውስጥ ደብቆ መቅረብ

ይህ ቀልድ ይመስላል። የጦሳ ተራራ ብርድ ሲመጣ ጋቢ ተከናንበን፣ እጃችንን ውስጥ ከተን መሄድ ልማዳችን ነው። ለጠባቂ ግን ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው። አንዱ «እጅህን አውጣ!» ብሎ ሲጮህብኝ መጀመሪያ ተቀየምኩ።

በኋላ ሳስበው እውነቱን ነው። የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ አባል የነበረው ጆን ሌነን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ከመኖሪያው ደጅ ለአንድ ወጣት አልበም ፈረመለት። ያው ሰው ከሰዓታት በኋላ እዚያው ጠብቆ በጥይት ገደለው። የታወቀ ሙዚቀኛ ጠባቂ የሆነ ሰው ይህን ታሪክ አያጣውም። ስለዚህ ማርከሩም አልበሙም በእጃችሁ ይታይ። ቦርሳ እዚያ ፊታቸው ቆማችሁ አትበርብሩ። ከኋላም አትምጡ።

ዘፋኙን ብቻ ማየት

ባንድ ማለት ዘፋኝ ማለት አይደለም። ሁሉም ዘፋኙን ሲከብ ድራመሩ ጥግ ላይ ብቻውን ሻይ ይጠጣል። ከሁሉ የከፋው ቤዚስቱን፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹን፣ ፎቶ አንሺ ማድረግ ነው። «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ከዘፋኙ ጋር ታነሳኝ?» ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ። አነሳው፤ ጨዋ ሰው ነበር። እኔ ግን በልጁ ፋንታ አፈርኩ።

ከመሄዳችሁ በፊት የአባላቱን ስምና የሚጫወቱትን መሣሪያ እወቁ። የሙሉ ባንድ ፊርማ አንድ ቦታ ላይ ሲሆን ነው ግርማ ያለው። ሰው ካልከበበው ጀምሩ። አንድ ፊርማ ካረፈበት ሌላው እምቢ ማለት ይከብደዋል።

«በጣም ነው የማደንቃችሁ» ብቻ ደግሞ ወሬ አይከፍትም። እኔ አንዱን ቤዚስት የዚያን ዘፈን መስመር በባቲ ቅኝት ነው ወይ የሠራኸው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ባቲ ከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለኝ። ከኮምቦልቻ 40 ገደማ ነው አልኩት። የቅኝት ስም እንጂ ሰኞ ሰኞ የሚገበይበት ከተማ መሆኑን አያውቅም ነበር። አምባሰልም እዚሁ ያለ ወረዳ ነው ስለው «አጃኢብ!» አለ፣ ቃሉን እዚሁ ተምሮ መሆን አለበት። ሩብ ሰዓት ቆምን። ፊርማውን ራሱ ነው ያስታወሰኝ።

ስማችሁን በቃል መንገር

«ለኃይሉ» በሉ እንግዲህ። ሀ ነው ሐ ነው ኃ? ጸጋዬስ በየትኛው ጸ? በጫጫታ መሃል ይህ አይነገርም። በቁራጭ ወረቀት በትልቁ ጽፋችሁ አሳዩ። ባንዱ የውጭ አገር ከሆነ በላቲን ፊደል ጻፉት። ስማችሁ ያለበት ፊርማ ገበያ ላይ ዋጋው ይቀንሳል ይባላል። ልክ ነው። ሙዚቀኞቹም ይህን ስለሚያውቁ ስም አስጽፎ የሚወስድን ሰው ነጋዴ ነው ብለው አይጠረጥሩትም።

በካርቶን ማምጣት

ዐሥር ፖስተር ይዞ መሰለፍ ሌላውን ያስቀራል። ሙዚቀኛውንም ያስመርራል። የቢትልሱ ድራመር ሪንጎ ስታር እ.ኤ.አ. በ2008 በቪዲዮ ወጥቶ ከጥቅምት 20 በኋላ የሚላክለትን ሁሉ እንደማይፈርም፣ እንደሚጥለው ተናገረ። ሥራ በዝቶብኛል አለ። ሰላምና ፍቅር እያለ ነው ታዲያ የተናገረው! አንድ አምጡ። ቢበዛ ሁለት።

የተፈረመ ሁሉ እውነት ይመስላል

በቴሌግራም የሚሸጥ «ኦሪጅናል ፊርማ» አይታችሁ እንዳትቸኩሉ። ከባንዱ ከራሱ የመጣ ፊርማ እንኳ አያስተማምንም። በቢትልስ ዘመን የአድናቂው ብዛት ከአቅም በላይ ሲሆን ረዳቶቻቸው ኒል አስፒናልና ማል ኢቫንስ በአራቱ ስም ይፈርሙ ነበር። ፊርማ የሚኮርጅ ማሽንም አለ። የተኮረጀው አንዱ ከሌላው ሲደራረብ ልክ አንድ ይሆናል፤ የሰው እጅ እንዲህ ሁለት ጊዜ አይፈርምም። የራሳችሁን ስታስፈርሙ ጓደኛችሁ እጁ ሲጽፍ የሚያሳይ ፎቶ ያንሳ።

ማፈር

የወሎ ሰው ይሉኝታ አለበት። ሰውየውን ሲያዩት ልባቸው ይመታል፣ ከዚያ ቆመው ያሳልፉታል። ቤት ሲገቡ ይጸጸታሉ።

አብሽሩ። የዓለም ዝነኛ ሰው እዚሁ ተንታ ወረዳ፣ አጅባር ኖሮ ያውቃል። የአየርላንዱ ሮክ ባንድ የዩቱ ዘፋኝ ቦኖ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ለኢትዮጵያ ረሃብ እርዳታ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ከተካሄደበት ከሐምሌ 13 በኋላ፣ ከባለቤቱ ከአሊ ጋር መጥቶ አንድ ወር ያህል በአጅባር የእርዳታ ጣቢያ ሠርቷል። ለልጆቹ ስለ ጤናና ንጽሕና በዘፈንና በጨዋታ ያስተምሩ ነበር። ጆሮው ላይ ሎቲ፣ ፀጉሩ ረዥም፣ ፊቱ ጺም። ልጆቹ «ጺም ያላት ሴት ልጅ» ይሉት እንደነበር እሱ ራሱ አውርቷል። እና እናንተ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ጊታሪስት ሰላም ለማለት ትፈራላችሁ?

እምቢ ቢላችሁ «አመሰግናለሁ፣ መልካም ዝግጅት» ብላችሁ ሂዱ። መጨቅጨቅ የለም። አንዱ እምቢ ካለኝ በኋላ ሲወጣ ራሱ ጠርቶ ፈርሞልኛል።

ቤት አምጥቶ ማበላሸት

ላሚኔት አታድርጉት። ሙቀቱ ቀለሙንም ወረቀቱንም ይነካል፣ መመለሻም የለውም። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ትይዩ አትስቀሉ፤ ይደበዝዛል። ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግም አርቁት። ጭሱ ውሎ አድሮ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። መስታወት ያለው ክፈፍ ይሻላል፣ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ግን ጠርዙ ላይ ካርቶን ይግባ።

ያ ጊታሪስት ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። በማይለቅ ማርከር አስፈረምኩት፤ የእናቴን ነገር ስነግረው ሳቀና ከሥሩ «ለእማማም» ብሎ ጨመረበት። ክፈፍ ውስጥ አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት። እናቴ በየቅዳሜው መስታወቱን ትወለውላለች። በእርጥብ ጨርቅ።