ሥራ ላይ ያለን ኮምፒውተር ሳያቆሙ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የሚወስድ ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

በባሕር ዳር በጣና ዳር ያሉ ሆቴሎች ሌሊቱን ሙሉ እንግዳ ስለሚቀበሉ፣ የመመዝገቢያውና የሒሳቡ ኮምፒውተር የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። ዲስኩ ተበላሽቶ በተጠራሁበት አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ በየሌሊቱ ሲገለበጥ በቆየው ፎልደር ውስጥ ደብዳቤዎቹና ፎቶዎቹ በሙሉ ነበሩ፤ የጎደለው ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሚያድረው የሒሳብ ዳታቤዝ (የሒሳቡ መረጃ ተደራጅቶ የሚቀመጥበት ፋይል) ብቻ ነበር። የገንዘብ ያዥዋ ደረሰኞችን ከወረቀት ላይ አንድ በአንድ እንደገና ስትመዘግብ ካየሁ ወዲህ፣ የሶፍትዌር ምርጫ ከዋጋ ሳይሆን ከተቆለፉ ፋይሎች፣ ማለትም ክፍት ፕሮግራም ይዟቸው ከማይገለበጡት፣ መጀመር እንዳለበት አምናለሁ።

በመጀመሪያ ያለማቋረጥ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ይዘርዝሩና፣ እያንዳንዱ ክፍት እንዳለ ዋና ፋይሉን ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ይሞክሩ። ዊንዶውስ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ብሎ ከከለከለዎት፣ ተራ የመገልበጫ መሣሪያ አይበቃዎትም። ሮቦኮፒ የተባለው የዊንዶውስ መገልበጫ ለምሳሌ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ የተቆለፈውን ፋይል በየ30 ሰከንዱ እስከ 1 ሚሊዮን ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል። መገልበጡ ቢሳካም አይዘናጉ፤ በሚጻፍበት ላይ ያለ ዳታቤዝ ገሚሱ የቀድሞውን፣ ገሚሱ የአሁኑን መልክ ይዞ ሊገለበጥና በኋላ አልከፈት ሊል ይችላል።

ቀጥሎ የሚያስቡት ሶፍትዌር ቪኤስኤስ (VSS) የተባለውን የዊንዶውስ አገልግሎት መጠቀም አለመጠቀሙን ከመመሪያው ላይ ያረጋግጡ። ይህ አገልግሎት ባክአፑ ሲጀምር እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ያሉትን የዳታቤዝ ፕሮግራሞች በእጃቸው ያለውን መረጃ ወደ ዲስክ እንዲያወርዱና ጽሕፈታቸውን ለአፍታ እንዲገቱ ያዝዛል፤ የዲስኩን የዚያች ቅጽበት መልክ ከያዘ በኋላም ይለቃቸዋል። ጽሕፈቱ ከ60 ሰከንድ በላይ እንዲገታ ስለማይፈቀድ፣ እንግዳ ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ ለውጡን አያስተውለውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አንዳንድ ሶፍትዌር የዲስኩን ቅጽበታዊ መልክ ቢይዝም ፕሮግራሞቹን አስቀድሞ አያዘጋጅም፤ እንዲህ ያለው ቅጂ መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ላይ ከሚቀረው መረጃ አይሻልም። የመብራት መቆራረጥ የለመደ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኮምፒውተሩ ዝግጁ መሆኑን ለማየት በአስተዳዳሪ መብት ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍተው vssadmin list writers የሚለውን ትእዛዝ ይጻፉ። በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ የዳታቤዝ ፕሮግራምዎ ስም ከሌለ፣ ሶፍትዌሩ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ያንን ዳታቤዝ በዚህ መንገድ አያዘጋጅልዎትም። በዚህ ጊዜ እንደ ፒችትሪ ያሉት የሒሳብ ፕሮግራሞች በራሳቸው የባክአፕ ትእዛዝ ቅጂ እንዲያወጡ ያድርጉና፣ ሶፍትዌሩ ያንን የተዘጋ ቅጂ ይውሰድ። በሊኑክስ ሰርቨር ላይም ማይኤስኪውኤልና ፖስትግረስ የተባሉትን የዳታቤዝ ፕሮግራሞች መረጃ በራሳቸው የደምፕ (ወደ ፋይል ማውጫ) መሣሪያ ማውጣት ይመረጣል፤ ለማይኤስኪውኤል ሲንግል ትራንዛክሽን (--single-transaction) የሚለው አማራጭ ኢኖዲቢ በተባለው የማይኤስኪውኤል የማከማቻ ዓይነት የተያዙትን ሠንጠረዦች ሥራ ሳያስቆም ወጥ አድርጎ ያወጣል።

ባክአፑ የሚቀመጥበት ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) በተባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ይሁን፤ ፋት 32 (FAT32) የተባለው ሌላው አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም።

ከመግዛትዎ በፊት ሶፍትዌሩን በሙከራ ጊዜው ይፈትሹት። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ባክአፑን ያስጀምሩና፣ ከመጀመሩ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ የተመዘገበውን የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር በወረቀት ይያዙ። ከዚያም ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ፕሮግራሙን ይክፈቱ። ደረሰኙ ካለና የቀኑ ድምር ከወረቀቱ ጋር ከተስማማ ሶፍትዌሩ ለቤትዎ ይሆናል፤ ካልሆነ ወደ ሌላው ይለፉ። ሶፍትዌሩ ተሳክቷል ብሎ የሚያሳየውን አረንጓዴ ምልክት ብቻ አይመኑ፤ የዘለላቸውን ፋይሎች ዝርዝር ከፍተው ያንብቡ። ይህንኑ ፍተሻ በየወሩ ይድገሙት፤ ባክአፑንም በሁለት ዲስኮች ይያዙና አንዱን ከሆቴሉ አውጥተው ከአባይ ድልድይ ማዶ በሚያምኑት ሰው ቤት ያስቀምጡ።